ከአደጋ በኋላ የከተማ ቤት፤ አልሚን ከመጋበዝ በፊት በዲላና በጌዴኦ ምላሽ የሚሹ ጥያቄዎች

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት አደጋ ከ200 በላይ የሚሆኑ ዜጎችን ሕይወት ቀጥፏል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰባሰቡትን ሁለተኛው ናዳ መልሶ የቀበራቸው በመሆኑ፣ ከሟቾቹ መካከል ለነፍስ አድን ሥራ የወጡ ጎረቤቶችና የአካባቢው የሥራ ኃላፊዎች ይገኙበታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀናት ብሔራዊ ኀዘን አውጆ፣ ኀዘኑም ካለፈ በኋላ የቀረው ጥያቄ ከአደጋው የተረፉት ወገኖች ወዴት ይስፈሩ፣ ቤቱንስ ማን ይሥራላቸው የሚል ነበር።

ይኸው ጥያቄ በዚያው ክልል ለሚገኘው የጌዴኦ ዞን እንግዳ ሊሆን አይችልም። ዞኑ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ በሚነሱ ተዳፋት መሬቶች ላይ የተዘረጋ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት 847 ሺህ 434 ነዋሪዎች የነበሩት ሲሆን፣ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ይደርሳል። በአገሪቱ ይህን ያህል ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች ጥቂት ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የዞኑ ርዕሰ ከተማ ዲላ በዚያው ቆጠራ 59 ሺህ 150 ነዋሪዎች የተመዘገቡባት ስትሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዩኒቨርሲቲዋ፣ በቡና ንግዷና በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው ክልል ማዕከላት አንዷ በመሆኗ የቤት ፍላጎቷ እያደገ መጥቷል።

ሌላ አካባቢ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ይመስል ነበር፤ ከከተማው ዳር ሰፊ ሜዳ ተፈልጎ ተጎጂዎችን ማስፈር። በጌዴኦ ግን እንዲህ ያለ ሜዳ የለም ማለት ይቻላል። ከከተሞቹ ወጣ ሲባል ወዲያውኑ የሚገኘው በእንሰት፣ በቡናና በአገር በቀል ዛፎች የተሸፈነ ይዞታ ነው። ይህ ለዘመናት ተጠብቆ የቆየ የጥምር ግብርና ሥርዓት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር አካል ነው። ከቅርስነቱም በላይ ዛፎቹና እንሰቱ በሥሮቻቸው የተዳፋቱን አፈር ጨብጠው የሚይዙ ናቸው። በአንድ ተዳፋት ላይ በናዳ ቤቱን ላጣ ሰው ሌላ ተዳፋት መንጥሮ ቤት መሥራት ለቀጣዩ ናዳ መንገድ መጥረግ ይሆናል።

በመሆኑም እንደ ዲላ፣ ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌና ጨለለቅቱ ባሉ ከተሞች አደጋ ቢደርስ፣ የከተማው ነዋሪ የሚሰፍረው በዚያው በከተማው ውስጥ፣ ያለውን ቦታ ወደ ላይ በመገንባት ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ደግሞ የከተማ አስተዳደር በጀት ብቻውን ስለማይችለው፣ የግል ቤት አልሚዎችን የመጋበዝ ሐሳብ በቅድሚያ መምጣቱ አይቀርም። ሐሳቡ ተገቢ ነው። ይሁንና ግብዣው በጋዜጣ ከሚወጣ ማስታወቂያ የሚጀምር ከሆነ ቤት ሳይሠራ ዓመታት ሊያልፉ እንደሚችሉ የሌሎች ከተሞች ተሞክሮ ያሳያል።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤቶች አነጋገር ተቋራጭና አልሚ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ሲጠሩ ይሰማል። ተቋራጭ ማለት መንግሥት በከፈለው ገንዘብ፣ መንግሥት ባቀረበው ዲዛይን ሠርቶ የሚያስረክብ ነው። ቤቱ ባይሸጥ ኪሳራው የእርሱ አይደለም። አልሚ ግን ቦታ ይረከባል፣ የራሱን ወይም የባንክ ገንዘብ ያፈሳል፣ ሠርቶም ይሸጣል፤ ገዥ ካጣ የሚከስረው እርሱ ነው። ስለዚህ ተቋራጭ ሲጋበዝ የሚጠይቀው ክፍያው መቼ እንደሚፈጸምለት ሲሆን፣ አልሚ የሚጠይቀው ገዥው ማን እንደሆነ ነው። ቤቱንና ንብረቱን በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው ገዥ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተጎጂው ማንነት ነው። በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የተጎዱት አርሶ አደሮች ናቸው። አርሶ አደርን ከእንሰቱና ከቡናው አርቆ በከተማ መሐል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማስፈር ቤት ሰጥቶ መተዳደሪያን መንሳት ነው። በጌዴኦ ገጠርም ቢሆን ነገሩ የተለየ አይሆንም፤ እንሰት በየቀኑ ከጓሮ የሚታይና የሚነካ ተክል ነው። ለእንዲህ ያለው ተጎጂ የሚያስፈልገው ከይዞታው በእግር በሚደርስበት ርቀት የሚገኝ ደህና መሬት እንጂ አልሚ አይደለም። የከተማ ቤት ልማት የሚመለከተው በከተማው ውስጥ በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ በጭቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን የቀን ሠራተኛ፣ የጉልት ነጋዴውን፣ ጡረተኛውንና ደመወዝተኛውን ነው። ዲላ ለገዳራና ዋላሜ የተባሉት ወንዞች የሚያገኟት ከተማ እንደመሆኗ፣ እነዚህ ነዋሪዎች በየቀበሌው መዝገብ ከወዲሁ ተለይተው ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው። ሁለቱን የተጎጂ ዓይነቶች በአንድ ዝርዝር ላይ አስቀምጦ ለአልሚ ማቅረብ ሁለቱንም መበደል ነው።

በአገራችን በከተማ ላይ ከደረሱት የተፈጥሮ አደጋዎች ጎልቶ የሚታወሰው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደረሰው የጎርፍ አደጋ ነው። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ ከላይኛው ተፋሰስ በጣለው ዝናብ በሌሊት ሞልቶ፣ በእንቅልፍ ላይ የነበሩ ከ200 በላይ ነዋሪዎችን ገድሏል፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉትንም አፈናቅሏል። ከአደጋው በኋላ የወንዙ ዳርቻ የመከላከያ ግንብ ተሠርቶለታል፤ ለተፈናቀሉትም በመንግሥትና በረድኤት ድርጅቶች አማካይነት ቤቶች ተገንብተዋል። የግል አልሚ በዚያ ሥራ ውስጥ ዋነኛ ተሳታፊ አልነበረም። ይህ የሆነው በቸልተኝነት አይመስልም። በደቻቱ ዳር የሚኖሩት አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው በመሆናቸው፣ ለእነርሱ ቤት ሠርቶ ትርፍ የሚያገኝ ነጋዴ አልነበረም። በጌዴኦ ከተሞችም የመጀመሪያው ስሌት ከዚህ የተለየ ውጤት አይሰጥም።

ታዲያ የግል ዘርፉ በከተማ መሐል፣ ለድሃ ተጎጂ፣ በፍጥነት ቤት የሠራበት አገር የለም ወይ ቢባል አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 በሜክሲኮ ከተማ የደረሰው ርዕደ መሬት በከተማዋ እምብርት በጋራ ግቢዎች ተጠጋግተው ይኖሩ የነበሩትን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተከራዮች ያለ መጠለያ አስቀርቷል። ተከራዮቹ ወደ ከተማው ዳርቻ እንዳይወሰዱ አጥብቀው ጠየቁ፤ ሥራቸው፣ ገበያቸውና ልጆቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያለው እዚያው ነበርና። መንግሥት አደጋው በደረሰ በወሩ ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ የተጎዱ ይዞታዎችን በአዋጅ ወሰደ። ከዚያም የእያንዳንዱን ግቢ ነዋሪ መዝግቦ ማረጋገጫ ሰጠ፤ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ ወጥ የቤት ዲዛይን አዘጋጀ። የግል ግንባታ ኩባንያዎች የተጋበዙት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዓለም ባንክ ብድር ጭምር በታገዘው በዚህ ፕሮግራም በሁለት ዓመት ገደማ ወደ 48 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ተሠርተው ወይም ታድሰው ለነዋሪዎቹ ተላልፈዋል። ክፍያውም ከገቢያቸው ጋር ተመዛዝኖ በረጅም ጊዜ የሚከፈል ነበር። ኩባንያዎቹ በተቋራጭነት እንጂ በአልሚነት አልገቡም፤ ገዥ የመፈለግ ሥጋት ከትከሻቸው የወረደ በመሆኑ ፈጥነው ሠሩ።

በተቃራኒው በኒውዚላንድ የክራይስትቸርች ከተማ የታየው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 2011 በደረሰው ርዕደ መሬት 185 ሰዎች የሞቱ ሲሆን፣ የከተማዋ እምብርት አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ከሁለት ዓመት በላይ ታጥሮ ቆይቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 የመልሶ ግንባታ ፕላን አወጣ፤ በመሐል ከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ሰፊ መሬት ገዝቶም መናፈሻና መኖሪያ መንደር እንዲሆን አዘጋጀ፤ አልሚዎችንም ጋበዘ። ለአንድ ሞዴል መንደር ዓለም አቀፍ የዲዛይን ውድድር ተካሂዶ አሸናፊው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሆነ። ይሁንና አሸናፊው ጥምረት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማሰባሰብ ስላልቻለ ፕሮጀክቱ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ተሠረዘ። ለሰፊው መንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ትልቅ ኩባንያ ከ900 በላይ ቤቶችን ለመገንባት ውል ቢገባም፣ ሥራው ከታሰበው እጅግ ዘግይቷል። ምክንያቱም በመሐል ከተማ አፓርታማ ለመሥራት የሚጠይቀው ወጪ ገዥው ሊከፍል ከሚችለው ዋጋ በልጦ በመገኘቱ ነው። ቤታቸው የፈረሰባቸው ቤተሰቦችም ዓመታት ሙሉ አልጠበቁም፤ በከተማው ዳርቻ ቤት ገዝተው ሄደዋል። የከተማው ምክር ቤት ከጊዜ በኋላ በመሐል ከተማ ለሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች የመሠረተ ልማት መዋጮ ክፍያ እንዲቀርላቸው እስከማድረግ ደርሷል።

ኒውዚላንድ ሀብታም አገር ናት፤ የርዕደ መሬት መድን የሚሰጥ የመንግሥት ኮሚሽንም አላት። ገንዘብ ባለበት ይህ ከሆነ፣ የክራይስትቸርችን ዓይነት ግብዣ እንዳለ ወደ ዲላ ማምጣት የሚያስኬድ አይሆንም።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የተደነገገ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ በዋናነት በጨረታ፣ በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ደግሞ በምደባ እንዲሰጥ ያስቀመጠ፣ ከሊዙ ዋጋ ከ10 በመቶ ያላነሰ ቅድሚያ ክፍያ የጠየቀና ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት የወሰነ ነው። ጨረታ ለመደበኛ ጊዜ ፍትሐዊ ነው። ከአደጋ በኋላ ግን መሬት በጨረታ ዋጋው ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ ያ ዋጋ በካሬ ሜትር ተሰልቶ በተጎጂው ላይ ይወድቃል። ምደባም ቢሆን በካቢኔ ውሳኔና በግልጽ መስፈርት ካልታጠረ ለአድልዎ በር መክፈቱ የታወቀ ነው። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ደግሞ ሦስተኛ አማራጭ ያመላክታል፤ መንግሥት መሬቱንና መሠረተ ልማቱን፣ የግሉ ዘርፍ ግንባታውን ይዘው ሥጋቱን በውል የሚካፈሉበት ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የሪል ስቴት ልማት አዋጅም አልሚዎች የሚመዘኑበትን ሥርዓት አስቀምጧል። የከተማ ሥራ ኃላፊ እነዚህን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ለየትኛው ተጎጂ እንደሚሆን መወሰን ያለበት አደጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ድንኳን ውስጥ ሕፃናት በብርድ ሲያለቅሱ የሕግ አንቀጽ ረጋ ብሎ የሚያነብ ኮሚቴ አይገኝም።

የመክፈል አቅምን በተመለከተ በቅርብ ያየነው ተሞክሮ አለ። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ከአዲስ አበባ ውጪ በበርካታ የክልል ከተሞች የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተገንብተው ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ግን በክልል ከተሞች የነበረው ግንባታ ተቋርጧል። ቤት የሚፈልግ ሰው ስላልነበረ ሳይሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውንና ወርኃዊ ክፍያውን የሚችለው ጥቂት ስለነበረ ነው። መንግሥት ራሱ በድጎማ ሠርቶ ገዥ ያነሰበትን ገበያ የግል አልሚ በደስታ ይገባበታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ የጌዴኦ የገቢ ባሕርይ ልዩ ትኩረት ይሻል። የባንክ ብድር የሚታሰበው በወር ነው። ከቡና ጋር በተሳሰረው በዚህ ኢኮኖሚ ግን ገንዘብ የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በሚደርሰው ምርት ወቅት ነው። ቡና የሚለቅመው፣ የሚያጥበው፣ የሚጭነውና ለእነዚህ ሁሉ ምግብና ልብስ የሚሸጠው የከተማ ነዋሪ ጭምር እጁ የሚረጥበው ያኔ ነው። በክረምት የወር ክፍያ የሚያቋርጠው ተበዳሪ እምቢተኛ ሆኖ አይደለም። ክፍያው ከቡናው በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ እንዲሆን ተደርጎ ቢዋዋሉ፣ ያው ሰው ጥሩ ከፋይ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛው በአንጻሩ በየወሩ ደመወዝ ያገኛል፤ ነገር ግን ደመወዙ ከኪራይ አያልፍም። አንድ ሕንፃ ላይ ለደመወዝተኛው በወር፣ ለነጋዴውና ለሠራተኛው በወቅት የሚከፈሉ ቤቶችን ማቀላቀል፣ ምድር ቤቱን ደግሞ ለሱቅ አድርጎ በገበያ ዋጋ መሸጥ አልሚውን የሚያስማማ ስሌት ሊሰጥ ይችላል። ከእነዚህ ቤቶች የተወሰኑትን ከተማ አስተዳደሩ ገዝቶ ለማከራየት አስቀድሞ ውል ቢገባ ደግሞ፣ አልሚው የሚፈራው የገዥ እጦት በከፊል ይቀልለታል።

የማይረሳው ሌላው ወገን የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ በብዙ ከተሞች እምብርት የሚኖረው ድሃ በአነስተኛ ኪራይ የቀበሌ ቤት የያዘ ነው። ቤቱ በጎርፍ ቢወሰድ ይህ ሰው የሚያቀርበው የይዞታ ማረጋገጫ የለውም። የካሳ ሕጉም የሚናገረው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ስለሚለቀቅ መሬት ነው፤ ናዳ ወይም ጎርፍ የወሰደውን ቤት በቀጥታ አይመለከትም። የኪራይ ደብተሩ በአዲሱ ቤት ላይ ምን መብት ይሰጠዋል ለሚለው መልስ ካልተዘጋጀ፣ ከአደጋው ቀጥሎ ሁለተኛው አፈናቃይ ራሱ የልማት ፕሮጀክቱ ይሆናል። ይህ በውል ሊታሰር የሚችል ጉዳይ መሆኑ በአዲስ አበባ ታይቷል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የለገሃር የተቀናጀ መንደር ፕሮጀክት ከአንድ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አልሚ ጋር ይፋ ሲደረግ፣ በቦታው የነበሩ 1 ሺህ 600 ገደማ አባወራዎች በዚያው አካባቢ ቤት እንደሚሠራላቸው ተገልጾ ነበር። ለገሃር አደጋ የደረሰበት ሰፈር አልነበረም፤ ነዋሪውን በቦታው ማቆየት የአልሚው ግዴታ ሆኖ ሊቀመጥ መቻሉ ግን ለዲላም ይሠራል።

ስለ ቦታው ደኅንነት ብዙ ማለት ባያስፈልግም አንድ ነገር መነሳት አለበት። አልሚ የሚፈልገው ዋና መንገድ ዳር ያለውን ቦታ ነው፤ ከተማ አስተዳደር ደግሞ ባዶ ስለሆነ ብቻ የወንዝ ዳሩን ሊሰጥ ይችላል። ባዶ የሆነበት ምክንያት ግን አንዳንድ ጊዜ ያለፈው ትውልድ ጎርፉን ስለሚያውቅ ነው። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ላይ እንደመሆኑ የሕንፃ ኮዱ ስለ ርዕደ መሬት የሚያዝዘው በወረቀት ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። የአፈር ምርመራው ወጪ በአልሚው ላይ ከተተወ እንዲቀንስለት ይፈልጋል። ከተማው ራሱ፣ ለምሳሌ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር፣ አስቀድሞ አስመርምሮ ውጤቱን ከጨረታ ሰነዱ ጋር ቢያያዝ ግን የአልሚው ጥርጣሬም ዋጋውም ይቀንሳል። ሲሚንቶ ከአዲስ አበባ ማዶ ተጭኖ በሚመጣበት ከተማ እንዲህ ያለ ትንሽ ቅናሽ በቤቱ የመጨረሻ ዋጋ ላይ ይታያል።

የተጎጂዎች ዝርዝር ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ አከራካሪ ነው። በየትኛውም አገር ቤት ሊሰጥ ነው ሲባል ስም ይበዛል። ጌዴኦዎች ጉዳዮቻቸውን በሽማግሌዎች ፊት በአደባባይ የሚመክሩበት ሶንጎ የተባለ ሥርዓት አላቸው። የቀበሌው መዝገብ በሶንጎ ፊት በይፋ ተነብቦ፣ ማን የት ይኖር እንደነበር ጎረቤት በጎረቤት ላይ ቢመሰክር፣ ኮሚቴ በዝግ ቢሮ ከሚያዘጋጀው ዝርዝር የተሻለ ተአማኒነት ይኖረዋል። ይህ ለገጠሩ እንጂ ከየአካባቢው ለመጣው የከተማ ተከራይ አይሆንም የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እውነትም በዲላ ያሉ ብሔረሰቦች ብዙ ስለሆኑ ዕድሮችም አብረው መጠራት ይኖርባቸዋል።

በመጨረሻ የሚቀረው የወቅት ጉዳይ ነው። በጌዴኦ በልግም ክረምትም ዝናብ አለ፤ መሠረት ቆፍሮ ኮንክሪት ለመሙላት የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ጉልበት ያለው ሁሉ በቡና ሥራ ላይ የሚውልበትን ወቅት ተከትሎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ለደረሰ አደጋ በዚያው ዓመት ደረቅ ወቅት ቁፋሮ እንዲጀመር ከተፈለገ፣ የተጎጂዎች ምዝገባ በነሐሴ አልቆ የጨረታ ሰነዱ በመስከረም መውጣት አለበት። መሬቱ ያልተመረመረ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ መብት ያልተወሰነ፣ የክፍያው ሥርዓት ከባንክ ጋር ያልተመከረበት ከተማ ይህን በሁለት ወር ውስጥ ሊያደርስ አይችልም፤ ተጎጂዎቹም ሁለተኛውን ክረምት በድንኳን ያሳልፋሉ።